ዘይቱ ወተት ሲመስል

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ስለ ስተርንድራይቭ የታችኛው ማርሽ ቤት። ሦስቱም ጸሐፊዎች ያገለገለ ጀልባ ገዝተዋል ወይም ሊገዙ ነው። የሌሎቹን ደብዳቤዎች ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ዛሬ እዚሁ ላይ እንቆይ።

ለአዲስ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ስተርንድራይቭ ማለት ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ሆኖ ማርሹና ፕሮፔለሩ ከኋላ በውጭ በኩል የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ቮልቮ ፔንታ አኳማቲክ የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1959 ካወጣ ጀምሮ በብዙ ጀልባዎች ላይ እናየዋለን። የሞተሩ ኃይል በክሮቼራ (እየታጠፈ በሚዞር መገጣጠሚያ) በኩል ወደ ላይኛው ማርሽ ቤት ይገባል። እዚያ ወደ ታች ይታጠፋል። በቋሚው ዘንግ ይወርድና ታችኛው ማርሽ ቤት ውስጥ ያለችውን ፒኞን የተባለች ትንሽ ማርሽ ያዞራል። እሷ ደግሞ ለፕሮፔለሩ ዘንግ ታቀብላለች። ታችኛው ማርሽ ቤት የሚሠራው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው። ውሃውን ከዘይቱ የሚለዩት ጥቂት የጎማ ከንፈሮች (ፓራውሊዮ) እና የጎማ ቀለበቶች (ኦሪንግ) ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ *ጋሼ፣ ያገለገለ ጀልባ ልገዛ ነው። ባለቤቱ የዋህ ሰው ይመስላል። ግን የማርሹ ዘይት ገና መቀየሩን ነግሮኝ ምንም ነገር እንዲከፈት አይፈልግም። መካኒክ ይዤ መሄድም አልቻልኩም። በዓይኔና በእጄ ብቻ ምን ማየት እችላለሁ?*

እህቴ፣ ብዙ ማየት ትችያለሽ። መጀመሪያ ግን የሞተሩን ቁልፍ ከባለቤቱ ተቀብለሽ ኪስሽ ክተቺ። ፕሮፔለር የሚነካ ሰው ቁልፉ እሱ ዘንድ መሆን አለበት። ይህን ሁልጊዜ እላለሁ፤ ዛሬም አልተወውም።

ጀልባዋ ተጎታቿ ላይ እንዳለች ድራይቩን፣ ከኋላ በውጭ ያለውን ክፍል፣ ቀጥ አድርጎ እንዲያወርድልሽ ጠይቂው። ቁጭ በይና ከታች ጀምሪ። ከሁሉም በታች የተንጠለጠለችው ክንፍ ስኬግ ትባላለች። ጫፏ ተቆርጧል? ወደ አንድ ጎን ተጣምማለች? ሌላው ቀለም አርጅቶ እሷ ብቻ አዲስ የተቀባች ከሆነች ለምን እንደሆነ ጠይቂ። ስኬግ ድንጋይ ስትመታ ምቱ እሷ ላይ አይቆምም። ወደ ማርሽ ቤቱና ወደ ዘንጉ ይወጣል።

ከዚያ ማርሹ ፎሌ ላይ (ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይገባ) ይሁንና ፕሮፔለሩን በእጅሽ ቀስ ብለሽ አዙሪው። ጆሮሽን አስጠጊ። ለስላሳ ነው? ወይስ ውስጡ አሸዋ ያለ ይመስላል? ያ የአሸዋ ስሜት ብዙ ጊዜ የዛገ ኩሽኔታ (ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ክፍል) ነው። ወደ ላይና ወደ ታችም ነቅንቂው። በዚያ አቅጣጫ መላወስ የለበትም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ቢንሸራተት ግን አትደንግጪ፤ በብዙዎቹ ላይ የተለመደ ነው። እያዞርሽ የዘንጉን ጫፍ ከኋላ ሆነሽ ተመልከቺ። ጫፉ ባለበት ሊዞር ይገባል። እየዋለለ ክብ የሚሠራ ከሆነ ዘንጉ ታጥፏል።

ድራይቩ መርክሩዘር የሚሠራው አልፋ ዋን የተባለው ከሆነ አንድ ሙከራ ጨምሪ። ሰው ማርሹን ወደ ፊት ያስገባልሽ፤ አንቺ ፕሮፔለሩን እያዞርሽ እንዲገባ አግዢው። ከገባ በኋላ በአንዱ አቅጣጫ ይይዛል፤ በሌላው ቀጭ ቀጭ እያለ ይዞራል። በሁለቱም አቅጣጫ በነፃነት የሚዞር ከሆነ ወይ የማርሹ ገመድ ልኩን ስቷል፣ ወይ ውስጥ ያሉት መያዣ ጥርሶች አልቀዋል። ገመድ ማስተካከል ቀላል ነው። ጥርሱ ግን የሚገኘው ታችኛው ማርሽ ቤት ውስጥ ነው።

አሁን ገላውን ተመልከቺ። ቀለሙ ሥር የተነሳ እብጠት፣ ሲነካ የሚረግፍ ነጭ ዱቄት፣ ትናንሽ ጉድጓዶች ካሉ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነው። አኖዶቹንም እዪ፤ ከገላው ይልቅ ራሳቸው እንዲበሉ የተሠሩት የብረት ቁራጮች ናቸው። በከፊል ተበልተው ብታገኛቸው ደስ ይበልሽ፤ ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው። የሚያሳስበኝ ገላው በነጭ ዱቄት ተሸፍኖ አኖዶቹ ሁሉ አዲስ ሲሆኑ ነው። ያኔ ጀልባዋ ለረጅም ጊዜ ያለ አኖድ ሳትቆይ አትቀርም።

ድራይቩን ሙሉ በሙሉ ያስነሳልሽ፤ መሪውንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያጠምዝዘው። ከኋላ ግድግዳው እስከ ድራይቩ የተዘረጉትን የተሸበሸቡ የጎማ እጅጌዎች ታያለሽ። እጥፋቶቹ ውስጥ ስንጥቅ ፈልጊ። ይህ የታችኛው ማርሽ ቤት አካል አይደለም። ግን የክሮቼራው እጅጌ ከተቀደደ ውሃ ወደ ጀልባው ይገባል። ጀልባ የሚያሰምጥ ነገር ስለሆነ ዘልዬው አላልፍም።

«ዘይቱ ገና ተቀይሯል» ስላለሽ ልናገር። ሰውየው እውነቱን ይሆናል። አዲስ ዘይት ግን ስለ ማርሽ ቤቱ ምንም አይነግርሽም። የነበረው ማስረጃ ከአሮጌው ዘይት ጋር ፈስሷል። ስለዚህ ውሃ ላይ ውጡ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥም ጥቂቱን በደንብ አፍጥናችሁ ሂዱ። ማርሽ ሲገባ አጭርና ንጹህ ድምፅ ትሰሚያለሽ። እየፈጨ የሚገባ ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ ሲጨነቅ ማርሹ የሚዘል ከሆነ ልብ በይ። ስትመለሱ የታችኛውን የዘይት ብሎን ግማሽ ዙር ብቻ እንዲያላላልሽ ለምኚው። ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል። ጠብታው የነጣ ወይም ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ እየገባ ነው።

ያንንም እንቢ ካለሽ፣ እኔ ብሆን ጀልባዋን ትቼ እሄዳለሁ። ሁለት ጠብታ ዘይት የማያሳይ ሰው ምን እንደሚያውቅ አላውቅም፤ እኔ ግን ሳላውቅ አልገዛም።

ጥያቄ፦ *ጋሼ ሰላም ነዎት? ባለፈው ዓመት ባለ አልፋ ዋን ሁለተኛ ትውልድ ጀልባ ገዛሁ። ጥሩ ትሄዳለች፤ ድምፅም የላትም። በቅርቡ የማርሹን ዘይት ሳፈስ ግን ወተት መስሎ ወጣ። አንድ መካኒክ «ፓራውሊዮ ነው፣ ቀይር» አለኝ። ሌላው «ታችኛው አልቋል፣ ሙሉውን ቀይረው» አለኝ። ማንን ልስማ? ራሴ መሥራት እወዳለሁ፤ ቁልፍ መያዝም አያቅተኝም።*

ወንድሜ፣ ለጊዜው ማንንም አትስማ። ሁለቱም መልስ ሰጥተውሃል፤ ውሃው በየት እንደገባ ግን ሁለቱም አላዩም። ካልታየ ደግሞ ሁለቱም ግምት ነው።

ከሁሉ በፊት ጀልባዋን አታስነሳት። ውሃ የነካው ኩሽኔታ ሥራ ላይ ሳለ ብዙም አይናገርም። ቆሞ ሲውል ነው ዝገት የሚይዘው። የወተቱን ዘይት አፍስሰህ ባዶውን አትተወው። ዛሬውኑ ንጹህ የማርሽ ዘይት ሙላና ፕሮፔለሩን በእጅህ ደጋግመህ አዙር። ያ ዘይት በኋላ ይፈሳል፤ ሥራው እስከ ጥገናው ድረስ ብረቱን ማልበስ ብቻ ነው።

የፈሰሰውን አሮጌ ዘይት ጥለኸው እንዳይሆን። በሚያሳይ ማሰሮ አስቀምጠህ ቢያንስ አንድ ቀን ጠብቀው። ውሃ ከዘይት ይከብዳል፤ ካልተዋሃደ ከሥር ይተኛል። ምን ያህል እንደገባ በዓይንህ ታያለህ። ጥቂቱን በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስስና በጣቶችህ መካከል ፈትገው። ማግኔት አስጠጋው። ማግኔቱ ላይ ግራጫ፣ እንደ ቅባት የላመ ነገር ቢለጠፍ የተለመደ ድካም ነው። ጫፉ ጣት የሚወጋ ቁራጭ፣ ቅርፊት የመሰለ ብረት ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል። አሽትተውም። የተቃጠለ ጠረን ያለው ጥቁር ዘይት ማርሹ መጋሉን ይናገራል። ወተት መስሎ ብረት ከሌለበት ትልቅ ተስፋ አለህ።

አሁን ሁለቱ መካኒኮች የዘለሉት ነገር። በአንተ ድራይቭ ላይኛውና ታችኛው ማርሽ ቤት አንድ ዘይት ይጋራሉ። ከታች የፈሰሰው ወተት ውሃው ከታች ለመግባቱ ማስረጃ አይሆንም። ከላይ፣ ክሮቼራው ከሚገባበት ፓራውሊዮ ሊሆን ይችላል። ከላይኛው ክዳን ሥር ካለችው ኦሪንግ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ማርሽ ቤቶች ከሚገጠሙበትም ሊሆን ይችላል። ሙሉውን ታችኛውን ቀይረህ ወተቱ ተመልሶ ቢመጣስ?

ስለዚህ ምንም ሳትፈታ በአየር ፈትነው። የሚያስፈልግህ መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ፣ ቱቦና በታችኛው የዘይት ብሎን ቀዳዳ ጥርስ ላይ የሚገባ ማገናኛ ነው። ዘይቱን አፍስስ። የላይኛውን መተንፈሻ ብሎን በአዲስ ማሸጊያ ዝጋ። ጀልባው ውስጥ ወዳለው የዘይት ጠርሙስ የሚሄደውን መስመርም ዝጋ፤ አለዚያ የምትፈትነው ጠርሙሱን ነው። ከዚያ ቀስ ብለህ 10 ፒኤስአይ ያህል ሙላ፤ በባር 0.7 ገደማ ነው። ከ15 አትለፍ። ብዙ አየር የሞላ ሰው ደህናውን ፓራውሊዮ ከቦታው ገፍቶ ያወጣዋል።

መርፌው ይቆማል ወይስ ይወርዳል? 15 ደቂቃ ጠብቅ። እየጠበቅህ ፕሮፔለሩን አዙር። ሰው ማርሹን ያስገባና ያውጣ። ፓራውሊዮ ቆሞ ሳለ ይይዝና ሲዞር የሚለቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ በብሩሽ ቀባ፦ በፕሮፔለሩ ዘንግ ዙሪያ፣ ኩሽኔታ ተሸካሚው ከገላው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ፣ በብሎኖቹ ላይ፣ በሁለቱ ማርሽ ቤቶች መጋጠሚያ፣ በላይኛው ክዳን። አረፋው ራሱ ይጠቁምሃል። መርፌው እየወረደ አረፋ የትም ካልታየ ሊታይ ከማይችለው ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ እጅጌው ውስጥ ከተደበቀው የክሮቼራ በኩል ፓራውሊዮ። ያን ለማየት ድራይቩ መውጣት አለበት።

አየር ሞልተህ ከያዘ፣ በተቃራኒው አየር ስበህ ሞክር። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ትልቅ ጥፋት ነው። ውሃ ወደ ማርሽ ቤት የሚገባበትን ሰዓት አስበው። ጀልባዋ ሮጣ ድራይቩ ግሏል። ትቆማለች። ማርሽ ቤቱ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲበርድ ውስጡ ይኮማተርና ወደ ውስጥ ይስባል። ደካማዋ ከንፈር ውሃ የምታስገባው ያኔ ነው። መጀመሪያ በመሳቢያ ፓምፕ መለኪያ 5 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ሳብና እይ፤ ከዚያ ወደ 15 ከፍ አድርግ። የሚያፈስ ከመሰለህ ቦታ ላይ ወፍራም ዘይት ቀባ። ዘይቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ቦታው ያ ነው።

አንዳንዴ መልሱ በጣም ቀላል ይሆናል። የዘይት ብሎኖቹ ሥር ያሉት ትናንሽ ማሸጊያዎች በየዘይት ቅየራው አዲስ መሆን አለባቸው። ብዙ ሰው አሮጌዎቹን ይመልሳል። አንዳንዱ አሮጌው ቀዳዳው ውስጥ ተለጥፎ ሳለ አዲሱን ይደርብበታል። ማርሽ ቤት ከመፈታቱ በፊት እነዚህን እይ።

አረፋው በፕሮፔለሩ ዘንግ በኩል ከወጣ፣ እንደሚሆን እገምታለሁ፣ ባትሪውን ፍታና ፕሮፔለሩን አውጣ። ከጀርባው ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ፈልግ። ፀጉር የሚያህል ቀጭን ክር ነው፤ ሲሽከረከር ግን ወደ ፓራውሊዮው ከንፈር እየተጎተተ ይቆርጠዋል። ከተገኘ ምክንያቱን አገኘህ። ካልተገኘ ፍለጋህን ቀጥል።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ለአንድ ደንበኛ ፓራውሊዮ ቀየርኩ። ወተቱ ተመለሰ። እንደገና ቀየርኩ። እንደገና ተመለሰ። ሰውየው ሁለት የዕረፍት ጊዜ በእኔ ምክንያት አለፈው። በሦስተኛው ጊዜ ዘንጉን ጠርጌ ጥፍሬን በላዩ ላይ ጎተትኩ። ጥፍሬ ተያዘ። አሮጌው ከንፈር ለዓመታት የተሽከረከረበት ቦታ ላይ ክብ ቦይ ተቆፍሮ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ አዲሱን ጎማ እዚያው ቦይ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ከዚያ በኋላ ጥፍሬን ሳላሻግር የገጠምኩት ዘንግ የለም። አንተም እንዲሁ አድርግ። ቦይ ካለ ዘንጉ ይቀየራል፣ ወይም በልኩ የተሠራ ስስ የብረት እጅጌ ይለብሳል። በብርጭቆ ወረቀት አሻሽተህ አትለፈው።

ዘንጉ ቀጥ ማለቱንም አረጋግጥ። የታጠፈ ዘንግ አዲሱን ፓራውሊዮ በየዙሩ ይደበድበዋል። ዲያል መለኪያ ካለህ በእሱ ለካ። ከሌለህ ጠንካራ ሽቦ ከፕሮፔለሩ በላይ ካለው ጠፍጣፋ ገበታ ጋር እሰርና ጫፉን ዘንጉን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አቁም። አዙርና ክፍተቱን እይ። የሚፈቀደው ልክ በድራይቩ የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ፤ በጣም ጥቂት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሩብ ሚሊሜትር አይሞላም። በዓይን በግልጽ የሚዋልል ዘንግ እንግዲህ አልፎታል።

መፍታቱ ላይ ብዙ አላስተምርህም፤ የጥገና መጽሐፉ ደረጃ በደረጃ ያሳይሃል። ግን አንድ ወጥመድ አለ። ታችኛውን ከላይኛው የሚያያይዙትን ብሎኖች ፈትተህ ስትጨርስ አንዱ ይቀርሃል። ከፕሮፔለሩ በላይ የተንጠለጠለችው የትሪም ክንፍ ሥር ተደብቋል። ክንፏን ከመፍታትህ በፊት አቅጣጫዋን ምልክት አድርግ፤ መሪው ወደ ጎን እንዳይጎትት የምታደርገው እሷ ናት። ያን ብሎን ያላወቀ ሰው «ተጣብቋል» ብሎ ካቻቪቴ አስገብቶ ይፈነቅላል። እንዲህ ሆኖ የተሰነጠቀ ገላ በእጄ ይዣለሁ። ሁሉም ብሎን ወጥቶ ካልላቀቀ፣ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ረጭተህ አሳድረው።

ታችኛው ሲወርድ የውሃ ፓምፑን ታገኛለህ። በአልፋ ዋን ያለው እዚያ ነው፤ ብራቮ በተባለው ሌላው የመርክሩዘር ድራይቭ ግን ሞተሩ ላይ ነው። እጅህ እዚያ ከደረሰ ኢምፔለሩን፣ ፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረውን ጎማ፣ ቀይር፤ ደህና ቢመስልም ቀይር። ከሥሩ የቋሚው ዘንግ ፓራውሊዮዎች አሉ። እነሱንም ጨምር።

የፕሮፔለሩን ዘንግ የያዘው ኩሽኔታ ተሸካሚ ጨዋማ ውሃ ላይ በኖረ ጀልባ ውስጥ በዝገት ይነክሳል። የሚይዘው ትልቅ ባለ ጥርስ ቀለበት ልዩ ቁልፍ አለው። በመዶሻና በሽብልቅ አትምታው። አሙቀው፣ አሳድረው፣ በትክክለኛው ቁልፍ ሞክር። ቀለበቱ ራሱ ቢሰበር ይተካል። ገላው ላይ ያለው ጥርስ ከተበላሸ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው።

ፓራውሊዮዎቹ ሁለት ናቸው፤ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ። የአንዱ ከንፈር ወደ ውስጥ ዞሮ ዘይት ይይዛል፤ የሌላው ወደ ውጭ ዞሮ ውሃ ይከለክላል። አሮጌዎቹን ከማውጣትህ በፊት እንዴት እንደተቀመጡና ምን ያህል እንደጠለቁ ፎቶ አንሳ። አዲሶቹን በልካቸው በሆነ ጠፍጣፋ ነገር ቀጥ አድርገህ ግፋ። በመካከላቸው ግሪስ ሙላ። ተሸካሚውን ወደ ዘንጉ ስትመልስ የዘንጉ ጥርሶች ስለት ከንፈሩን እንዳይቆርጠው በስስ ቴፕ ሸፍናቸው። ብዙ አዲስ ፓራውሊዮ የሚሞተው ገና ሲገባ ነው። የተሸካሚውን ትልቅ ኦሪንግም አትርሳ።

ተሸካሚው ወጥቶ ሳለ ጥርሶቹን በባትሪ ብርሃን ተመልከት። የተቦደሰ፣ የተቆነጠረ፣ ሰማያዊ የመሰለ ጥርስ አለ? ኩሽኔታዎቹ ላይ ጥቁር የዝገት ነጥብ አለ? ሁሉም ንጹህ ከሆነ ሺም የሚባሉትን ስስ የብረት ቀለበቶች እንደነበሩ በየቦታቸው መልሰህ ግጠም። ነጥብ ወይም ስብራት ካየህ ግን እዚያ ላይ አቁም። ማርሾች በስብስብ ነው የሚቀየሩት፤ አንዱን ብቻ አዲስ አድርገህ ከአሮጌው ጋር ማነካከስ አይቻልም። አዲሶቹ በሺም ተለክተው ክፍተታቸው በትክክል መያዝ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ልዩ መለኪያዎች አሉ። ፓራውሊዮ በቤትህ መሥራት ትችላለህ። ማርሽ ማስተካከሉን ግን መለኪያው ላለው ስጠው። ይህን የምልህ አቅምህን ንቄ አይደለም። በስህተት የተለካ ማርሽ ሲገባ ምንም አይልም፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ራሱን ይፈጫል።

ሁለተኛው መካኒክ ያለው፣ ሙሉውን መቀየር፣ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ገላው ኩሽኔታ በሚይዝበት ቦታ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ማርሹም ኩሽኔታውም አብረው ከሄዱ እኔም እንደሱ እላለሁ። ያኔ የድራይቩን ተከታታይ ቁጥር ይዘህ ሂድ። እ.ኤ.አ. በ1991 የመጣው የአንተ ሁለተኛ ትውልድና የመጀመሪያው ትውልድ ታችኛዎች ዝም ብለው አይለዋወጡም፤ ስማቸው ግን ሁለቱም አልፋ ዋን ነው።

ገጥመህ ስትጨርስ ዘይት ሳትሞላ የአየሩን ፈተና ድገም። አዎ፣ እንደገና። መርፌው ከቆመ ዘይቱን ከታች ወደ ላይ ሙላ። ከላይ ብትሞላ አየር ውስጥ ይታሰራል። ከላይኛው መተንፈሻ አረፋ የሌለው ዘይት ሲወጣ መጀመሪያ የላይኛውን ዝጋ። ከዚያ ጀልባው ውስጥ ያለው ጠርሙስ መስመሩ እስኪደርስ ፓምፑን ቀጥል፤ በመጨረሻ ፓምፑን አውጥተህ ቶሎ ታችኛውን ዝጋ። የዘይቱን ዓይነት አምራቹ ባዘዘው ያዝ። ጎረቤትህ ቮልቮ ካለው የእሱን ዘይት አትዋስ፤ አንዳንዶቹ ሌላ ዓይነት ነው የሚጠይቁት።

ግማሽ ሰዓት ውሃ ላይ ሩጥ። አሳድራት። ጠዋት የታችኛውን ብሎን ትንሽ አላላና የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች እይ። ከዚያ በኋላ ያን ጠርሙስ በየጉዞው ተመልከተው። መጠኑ ከቀነሰ ዘይት እየወጣ ነው። ከጨመረና ከነጣ ውሃ እየገባ ነው። አረፋው የት እንደታየ ጻፍልኝ፤ በእውነት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ *ያገለገለ ጀልባ ገዝቼ በጡረታ ጊዜዬ እየተዝናናሁባት ነው። ስኬጓ ጫፏ ተሰብሮ ነው ያገኘኋት፤ ሲሶ ያህል የለም። ጀልባዋ ግን ትሄዳለች። እንዲሁ ልተዋት ወይስ ላስበይዳት? ደግሞም አኖዶቹ አልቀዋል፤ ዚንክ ነበሩ፣ እኔ የምነዳው ግን ጨው በሌለው ውሃ ላይ ነው።*

አባቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስኬጓ ፕሮፔለሩን ከታች ትጠብቃለች፤ ጀልባዋም ቀጥ ብላ እንድትሄድ ታግዛለች። ሲሶዋ ሲጎድል በተለይ በፍጥነት ላይ መሪው ሊሰማዎት ይችላል። መበየድ ይቻላል። አሉሚኒየም በቲግ የሚበይድ ሰው ይፈልጉ፤ ቁራጩም አሉሚኒየም ይሁን። ግን የብየዳ ሙቀት ወደ ማርሽ ቤቱ ይወጣል፤ ጎማውን ያበስላል። ማርሽ ቤቱ ውስጥ ዘይትና ፓራውሊዮ እንዳለ ብየዳ እንዲነካው አይፍቀዱ። መጀመሪያ ተፈትቶ ባዶ ገላው ይበየድ፤ ሲገጠም ጎማዎቹ አዲስ ይሁኑ። መፈታቱ የሚከብድ ከሆነ በብሎን የሚታሰሩ የስኬግ ሽፋኖች አሉ፤ የጎደለውን ይሞላሉ፤ ሙቀት አይፈልጉም። ለእርስዎ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ከሁለቱ አንዱን ከማድረግዎ በፊት ግን ስኬጓን የሰበረው ምት ሌላ ምን እንደሠራ ይታይ። ከላይ ለሁለተኛው ጠያቂ እንደጻፍኩት የፕሮፔለሩ ዘንግ መዋለሉ ይታይ። ስኬጓ ከገላው ጋር በምትገናኝበት ሥር ደግሞ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይፈለግ። ስንጥቁ ወደ ማርሽ ቤቱ ከዘለቀ ጫፏን ማስዋብ ዋጋ የለውም።

ስለ አኖዱ፦ ጨው ለሌለው ውሃ ማግኒዥየም ይግዙ። ዚንክ ለጨዋማ ውሃ ነው። ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ላዩ በቅርፊት ይሸፈንና መሥራት ያቆማል፤ ሳያልቅ ተቀምጦ ገላው ይበላል። የእርስዎ ዚንኮች ማለቃቸው ጀልባዋ ከእርስዎ በፊት ጨዋማ ውሃ ላይ እንደነበረች ይጠቁመኛል፤ ስለዚህ ቀለሙ ሥር እብጠት ይፈልጉ። ወደ ጨዋማ ውሃ የሚወስዷት ቀን ካለ ማግኒዥየሙን ያውጡት፤ እዚያ በፍጥነት ነው የሚያልቀው። ሁለቱንም ዓይነት ውሃ ለሚያዘወትር አሉሚኒየም አኖድ ይሻላል። ግማሹ ሲበላ ይቀይሩት። በላዩ ላይ ቀለም አይቀቡ፤ የሚቀመጥበትን ቦታም እስከ ብረቱ ድረስ ይፋቁት፤ ብረት ለብረት ካልተነካካ አይሠራም። ገላውን ሊቀቡት ሲያስቡ ደግሞ የቀለሙን ጣሳ ያንብቡ፤ መዳብ ያለበት ከሆነ አሉሚኒየም ድራይቭ ላይ አይሆንም።